ጥንድ ከዋክብት በፎቶግራፍ የተያዙበት ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ወደ ሰማይ ሲመለከት ኖሯል። ገበሬው የዝናሙን ወራት፥ መርከበኛው የጉዞውን አቅጣጫ፥ መንገደኛው የንጋቱን መቃረብ ከከዋክብት ይጠይቅ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ከዋክብትን አንድ አንድ እያሉ ይቈጥሩ ነበር እንጂ፥ አንድ ሆኖ የሚታየው ብርሃን ሁለት ወይም ሦስት ፀሐዮች ሊሆን እንደሚችል የጠረጠረ ብዙ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ተሳስሮ የሚዞር ኮከብ በሰማይ እጅግ ብዙ መሆኑ ታውቋል። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የሚጠበቀው የዋሽንግተን መዝገብ ብቻ ከ150,000 የሚበልጡ ጥንዶችን ይዟል። ይህ ሁሉ እውቀት በአንድ ሊቅ ወይም በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም። ከሠሩትም ሰዎች መካከል ሙዚቀኛ፥ ቄስ፥ የሌንስ ሠሪ ልጅና የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ታሪኩ የሰማይ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የትጉህ ሰዎች ታሪክም ነው። በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች የማቀርበው ይህንኑ ታሪክ፥ በተለይም ፎቶግራፍ ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደ ገባ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አንድ የመሰለው ሁለት ሆነ

በሰሜን ሰማይ ትልቁ ድብ በተባለው ስብስብ ውስጥ በጭልፋ አምሳል የተደረደሩ ሰባት ደማቅ ከዋክብት አሉ። ከጭልፋው እጀታ ጫፍ ሁለተኛው ኮከብ ሚዛር ይባላል። ዐይኑ ደኅና የሆነ ሰው ከሚዛር አጠገብ አልኮር የሚባል ደከም ያለ ኮከብ ያያል። ዐረቦች እነዚህን ሁለቱን የዐይን መፈተኛ አድርገዋቸው ነበር። ይህ በዐይን ብቻ የሚታይ ጥንድ ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ቴሌስኮፕ ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። በ1617 የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ ሚዛር ራሱ ሁለት መሆኑን ተመልክቶ ለመምህሩ አስታወቀ፤ ጋሊሌዮም አይቶ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥንዶች አንድ በአንድ ተገኙ። አብዛኞቹ የተገኙት ግን ታስቦባቸው አልነበረም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1660ዎቹ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ሳለ በመንገዱ ላይ ጋማ አሪየስ የተባለው ኮከብ ሁለት ሆኖ አገኘው። በደቡብ ሰማይም አባ ፎንቴኔይ የተባሉ ኢየሱሳዊ በ1685 ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሆነው አልፋ ክሩሲስ ጥንድ መሆኑን አዩ፤ አባ ሪሾ የተባሉትም በ1689 ከህንድ አገር ከፖንዲቸሪ ጅራታም ኮከብ ሲመለከቱ አልፋ ሴንታውሪ ጥንድ መሆኑን አገኙ።

በዚያን ጊዜ የነበሩ ሊቃውንት ለእነዚህ ጥንዶች ከፍ ያለ ግምት አልሰጧቸውም። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ በጨለማ ሌሊት ሁለት መብራቶች፥ አንዱ በቅርብ ኮረብታ ላይ፥ ሁለተኛው በሩቅ ተራራ ላይ ሆነው ሳሉ፥ ለተመልካች ጎን ለጎን ያሉ ይመስላሉ። ከዋክብትም እንዲሁ አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ ሆነው በአጋጣሚ በአንድ መስመር የታዩ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን አሳብ በመጀመሪያ በሒሳብ የተቃወመው ጆን ሚቸል የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ ነው። በ1767 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከዋክብት በሰማይ ላይ እንዲያው በአጋጣሚ የተበተኑ ቢሆኑ ይህን ያህል ብዛት ያላቸው ተቀራርበው ሊገኙ እንደማይችሉ በዕድል ስሌት አሳየ። እንግዲህ ከእነርሱ ብዙዎቹ በእውነት የተሳሰሩ መሆን አለባቸው አለ። ይሁን እንጂ ስሌት ብቻውን ሁሉን ሰው አያሳምንም፤ ሲዞሩ የታዩ ከዋክብት ያስፈልጉ ነበር።

ኸርሸል የፈለገውና ያገኘው

ማስረጃውን ያመጣው ዊልያም ኸርሸል ነው። በ1738 በጀርመን አገር በሃኖቨር ተወልዶ፥ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በባዝ ከተማ የሙዚቃ መምህርና የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ይኖር ነበር። ቀን ሙዚቃ እያስተማረ ሌሊት ደግሞ በገዛ እጁ መስታወት እየሞረደ በሠራው ቴሌስኮፕ ሰማይን ይመረምር ነበር። እኅቱ ካሮሊን ከጎኑ ሆና የሚያየውን ትጽፍለት ነበር። በ1781 ዩራነስን ያገኘውም ጥንድ ከዋክብትን ለመፈለግ ሰማይን በሚያስስበት ጊዜ ነው።

ኸርሸል ጥንድ ከዋክብትን የፈለገው ስለ ጥንድነታቸው ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ነበር። አውራ ጣትን ከፊት አቁሞ አንድ ጊዜ በቀኝ፥ አንድ ጊዜ በግራ ዐይን ቢመለከቱት፥ ጣቱ በስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታውን የለወጠ ይመስላል። ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስትሄድ ቅርቡ ኮከብ ከሩቁ አንጻር እንዲሁ ወዲያና ወዲህ ማለት አለበት፤ ከዚህም መዛወር የኮከቡን ርቀት ማስላት ይቻላል። ለዚህ ሥራ አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ የሆኑ ጎን ለጎን የሚታዩ ከዋክብት ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ በ1782 የ269 ጥንዶችን፥ በ1785 ደግሞ የሌሎች 434 ጥንዶችን መዝገብ አወጣ።

ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲለካቸው ያልጠበቀውን አገኘ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ቦታቸውን ለውጠው ነበር፤ ነገር ግን ለውጡ ከምድር ዓመታዊ ጉዞ ጋር የሚሄድ አልነበረም። ካስተር በተባለው ጥንድ ላይ ያደረገውን ልኬት ጄምስ ብራድሌይ በ1759 ከተወው ማስታወሻ ጋር ቢያስተያየው፥ ሁለቱ ከዋክብት አንዱ በሌላው ዙሪያ ቀስ እያሉ እንደሚዞሩ ተረዳ። ይህንንም በ1803 ለዓለም አሳወቀ። የፈለገውን ርቀት አላገኘም፤ ያገኘው ግን ከፈለገው የሚያንስ አልነበረም። ልብ እንበል፤ ብራድሌይ ያችን አጭር ማስታወሻ ባይተው ኖሮ የኸርሸል ልኬት ብቻውን ይህን ያህል ባልተናገረ ነበር።

በ1827 ፈረንሳዊው ፌሊክስ ሳቫሪ ክሲ ኡርሳ ማጆሪስ የተባለውን ጥንድ ምሕዋር በኒውተን የስበት ሕግ አሰላ፤ አንድ ዙር ለመፈጸምም 60 ዓመት ያህል እንደሚፈጅበት አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍሬን ከዛፍ ወደ መሬት የሚስበው፥ ጨረቃን በምድር ዙሪያ የሚያዞረው ሕግ፥ ብርሃናቸው ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ዓመታት በሚወስድባቸው ከዋክብትም ዘንድ እንደሚሠራ ተረጋገጠ።

ጥቅሙ በዚህ አላበቃም። የሁለቱ ከዋክብት ርቀትና የዙራቸው ዘመን ከታወቀ ክብደታቸውን ማስላት ይቻላል። ፊዚክስ ለተማረ ሰው ስሌቱ አጭር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን አማካይ ርቀት ምድር ከፀሐይ ባላት ርቀት ለክተን ሦስት ጊዜ በራሱ እናባዛዋለን፤ ውጤቱን የዙሩ ዓመታት በራሳቸው ተባዝተው በሚሰጡት ቍጥር እናካፍላለን፤ የምናገኘው የሁለቱ ከዋክብት ድምር ክብደት ነው፤ መለኪያውም የፀሐያችን ክብደት ነው። ለምሳሌ የሲርየስ ጥንድ አማካይ ርቀት ወደ 20 የሚጠጋ፥ ዙሩም 50 ዓመት ያህል ስለሆነ፥ ሁለቱ በአንድነት ከፀሐይ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳሉ። የከዋክብትን ክብደት ለማወቅ ዋናው መሠረት እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው የጥንዶች መዞር ነው።

የዐይን ምስክርነትና የመስታወት ምስክርነት

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ነገር መለካት ነበረበት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትና ደካማው ኮከብ ከደማቁ በየት አቅጣጫ እንዳለ። ርቀቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በማዕዘን ሰከንድ ይለካል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፥ አንድ ደቂቃም 60 ሰከንድ ነው። ስፋቱ 2.5 ሳንቲሜትር የሆነ ሳንቲም ከ5 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ቢታይ አንድ የማዕዘን ሰከንድ ያህል ይሆናል። ብዙ ጥንዶች በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

መለኪያው ማይክሮሜትር ነበር። በቴሌስኮፑ የዐይን ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድርን የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ተወጥረው፥ ተመልካቹ ክሩን በከዋክብቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በብሎን ያንቀሳቅሰው ነበር። በዚህ መሣሪያ ፍሪድሪክ ጆርጅ ቪልሄልም ስትሩቬ በዶርፓት ከተማ 24 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሌንስ ሠርቶ በ1827 የ3,112 ጥንዶችን መዝገብ አወጣ። ዘዴው ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ተመልካቹ ደክሞት፥ በርዶት ወይም ራሱን አዘንብሎ ሲያይ ልኬቱ ይለወጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት አንዱን ጥንድ ለክተው የተለያየ ቍጥር ይጽፋሉ። የትኛው ትክክል እንደ ሆነ የሚፈርድ አልነበረም፤ የታየው ነገር ከሌሊቱ ጋር አብሮ አልፏልና።

ዳጌር የፎቶግራፍን ዘዴ በ1839 ለሕዝብ ባስታወቀ ጊዜ የከዋክብት ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት የሚሞላ ነገር ተስፋ አደረጉ። የመጀመሪያው ሙከራ የተሳካው በአሜሪካ በሃርቫርድ ነው። በ1850 ሐምሌ ወር ዊልያም ክራንች ቦንድና ፎቶግራፍ አንሺው ጆን ዊፕል 38 ሳንቲሜትር በሆነው ቴሌስኮፕ ቬጋ የተባለውን ኮከብ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አነሡት። ከፀሐይ በቀር በፎቶግራፍ የተያዘ የመጀመሪያው ኮከብ ይህ ነው። ካስተርንም ሞከሩት፤ ሥዕሉ ግን ሞላላ ሆኖ ወጣ እንጂ ሁለቱ ከዋክብት አልተለያዩም። ሰሌዳው ብርሃንን ለመቀበል ዘገምተኛ ነበር፤ ቴሌስኮፑን ከሰማይ ጋር የሚያዞረው መዘውርም እኩል አይሄድም ነበር።

በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ የተቀባ የመስታወት ሰሌዳ አወጣ። ይህ ሰሌዳ ከቀድሞው የፈጠነ ነበር፤ ነገር ግን ገና እርጥብ ሳለ ሥዕሉ ተነሥቶ መታጠብ ስለነበረበት ሥራው ጥድፊያ ነበር። የዊልያም ቦንድ ልጅ ጆርጅ ቦንድ ከዊፕልና ከጄምስ ብላክ ጋር ሆኖ በዚህ ሰሌዳና በተሻለ መዘውር እንደ ገና ጀመረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1857 ሚዛርን አነሡ። በሰሌዳው ላይ የሚዛር ሁለቱ ከዋክብት ተለይተው ታዩ፤ አልኮርም አብሮ ወጣ። ሰሌዳው ብርሃን የተቀበለው ለ80 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ጥንድ ኮከብ በፎቶግራፍ ተለይቶ ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጆርጅ ቦንድ ሥዕሉን አይቶ በመደነቅ ብቻ አልቀረም። ሰሌዳውን ወደ ጠረጴዛ አምጥቶ፥ ቀን በብርሃን፥ በዕረፍት፥ ደጋግሞ ለካው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 14 ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በማይክሮሜትር ከተገኘው ጋር ተስማማ። ደግሞም የደማቁ ኮከብ ነጥብ ከደካማው ሰፍቶ መውጣቱን አስተውሎ፥ በፎቶግራፍ የከዋክብትን ድምቀት መለካት እንደሚቻል አሳየ። የዚህ ሥራ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከዚያ በፊት ልኬት የተመልካቹ ቃል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የተጠራጠረ ሰው ሁሉ ያንኑ ሰሌዳ ወስዶ እንደ ገና ሊለካው ቻለ።

በሃርቫርድ የተጀመረው ሥራ በዚያው በሃርቫርድ ሌላ ፍሬ ሰጠ። በ1889 ኤድዋርድ ፒከሪንግ የሚዛርን ብርሃን በፕሪዝም ዘርዝሮ በፎቶግራፍ ሲመረምር፥ በብርሃኑ ዝርዝር ውስጥ ያለው መስመር አንዳንድ ጊዜ አንድ፥ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሆኖ አገኘው። አንቶኒያ ሞሪም በዚህ ምርመራ ተካፋይ ነበረች። ትርጓሜው ከሚዛር ሁለቱ ከዋክብት ደማቁ ራሱ በየትኛውም ቴሌስኮፕ በዐይን ሊለዩ የማይችሉ ሁለት ከዋክብት መሆኑ ነው። አንድ ዙር የሚፈጽሙት በ20 ቀን ተኩል ነው። ደካማው የሚዛር ኮከብም ከጊዜ በኋላ እንዲሁ ጥንድ ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ ለአልኮር የራሱ ጓደኛ ተገኘለት። እንግዲህ ጥንት ዐረቦች ዐይን የፈተኑባቸው ሁለት ብርሃኖች ዛሬ ስድስት ሆነዋል።

ፎቶግራፍ ያቃተው፥ ዐይን የቻለው

ከዚህ በኋላ ዐይን ሥራውን ፈጽሞ ለፎቶግራፍ የለቀቀ ሊመስለን ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። በላያችን ያለው አየር ዘወትር ይናወጣል፤ ከዋክብት የሚጭበረበሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሰሌዳው ለደቂቃዎች ብርሃን ሲቀበል ያ ሁሉ መናወጥ አንድ ላይ ተደራርቦ ነጥቡን ያሰፋዋል፤ የደማቁ ኮከብ ነጥብም አብጦ ደካማውን ይውጠዋል። የሰለጠነ ዐይን ግን አየሩ ለቅጽበት ጸጥ የሚልበትን ጊዜ ጠብቆ ያያል።

የሲርየስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤሰል የተባለው ጀርመናዊ በ1844 ሲርየስ በቀጥታ ከመጓዝ ይልቅ እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ እያለ መሄዱን አይቶ፥ የማይታይ ጓደኛ ይስበዋል አለ። ጥር 31 ቀን 1862 የሌንስ ሠሪው ልጅ አልቫን ግራሃም ክላርክ በማሳቹሴትስ አዲስ የተሠራ 47 ሳንቲሜትር የሆነ ሌንስ ሲፈትን ያንን ጓደኛ በዐይኑ አየው። ሲርየስ ከጓደኛው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ይደምቃል። የጓደኛው ግዝፈት የምድርን ያህል፥ ክብደቱ ግን የፀሐይን ያህል መሆኑ በኋላ ታውቋል።

ከዚህ የሚበልጥ የሚያስገርመን የሸርበርን ዌስሊ በርንሃም ሥራ ነው። በርንሃም በቺካጎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። በከዋክብት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም። 15 ሳንቲሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በገንዘቡ ገዝቶ በመኖሪያው ግቢ ተከለ። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ሊቃውንት ሊገኝ የሚችለውን ጥንድ ሁሉ አግኝተው ጨርሰውታል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እርሱ ግን በ1873 የ81 አዳዲስ ጥንዶችን ዝርዝር አሳተመ፤ በዕድሜው ሙሉ ያገኛቸው ከ1,300 በላይ ናቸው። በ1906 ያወጣውም መዝገብ 13,665 ጥንዶችን የያዘ ነበር። ቀን የፍርድ ቤት ቃል ይጽፋል፤ ሌሊት የሰማይን ይጽፋል። እንደዚህ ያለውን ሰው ፈረንጆች አማተር ይሉታል፤ ትርጓሜውም ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ማለት ነው።

ፎቶግራፍን ለዚህ ሥራ የበቃ ያደረገው ዴንማርካዊው አይናር ሄርትስፕሩንግ ነው። ከ1914 ጀምሮ በጀርመን አገር በፖትስዳም ሲሠራ፥ በአንድ ሰሌዳ ላይ አንዱን ጥንድ ቦታውን በትንሽ በትንሹ እያዛወረ ብዙ ጊዜ አነሣው፤ ከዚያም ሁሉንም ለክቶ አማካዩን ወሰደ። ደማቁ ኮከብ ደካማውን እንዳይውጥም ከሌንሱ ፊት ወንፊት መሰል ፍርግርግ አኖረ። አንዱ ነጥብ ቢስት ሌላው ያርመዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ደካማ ደካማ ልኬቶች ተባብረው ጠንካራ ልኬት ሆኑ። ይሁንና እጅግ ለተቀራረቡት ጥንዶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ማይክሮሜትርና የሰው ዐይን የበላይ ሆነው ቆዩ።

የዛሬው አማተር እንዴት ይሠራል?

የዐይንንና የፎቶግራፍን ጥቅም አንድ ያደረገው ከ1970 ወዲህ የመጣው አሳብ ነው። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው አንቷን ላቤይሪ እጅግ አጭር ጊዜ የሚፈጁ ብዙ ሥዕሎችን አንሥቶ በሒሳብ በማዋሐድ የአየሩን መናወጥ ማሸነፍ እንደሚቻል አሳየ። ቦይልና ስሚዝ የተባሉት መሐንዲሶች በ1969 ያሰቡት ብርሃን ተቀባይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳም ከጊዜ በኋላ በፊልምና በመስታወት ፈንታ ገባ፤ ለዚህም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። ዋጋውም እየረከሰ ሲሄድ ቀድሞ በታላላቅ ጣቢያዎች ብቻ ይሠራ የነበረው ሥራ በግቢ ውስጥ ባለ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ሆነ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የቴሌስኮፑ ስፋት ምን ያህል እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቄስ ዊልያም ዶውስ የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባወጣው ደንብ፥ 11.6ን በሌንሱ ስፋት በሳንቲሜትር ብናካፍል ሊለይ የሚችለውን ትንሹን ርቀት በሰከንድ እናገኛለን። 10 ሳንቲሜትር የሆነው 1.16፥ 20 ሳንቲሜትር የሆነው 0.58 ሰከንድ ይለያል።

ሁለተኛ፥ ካሜራው በዐይን ሌንስ ቦታ ይገባል። ሥዕሉ እንዲሰፋ በመካከል ሌላ አጉሊ ሌንስ ይጨመራል። የቴሌስኮፑ የብርሃን መንገድ ርዝመት 4,000 ሚሊሜትር፥ የካሜራው አንድ ፒክስል ስፋት 3.75 ማይክሮሜትር ቢሆን፥ 206.265ን በ3.75 አባዝተን ለ4,000 ስናካፍል 0.19 ሰከንድ ይሆናል። ይህ በአንድ ፒክስል ላይ የሚያርፈው የሰማይ ስፋት ነው። እንግዲህ የሚዛር ሁለቱ ከዋክብት በሥዕሉ ላይ 75 ፒክስል ያህል ተራርቀው ይገኛሉ።

ሦስተኛ፥ አቅጣጫ ይወሰናል። ለዚህም ሞተሩን ማቆም ብቻ ይበቃል። ምድር ስትዞር ኮከቡ በሥዕሉ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሄዶ መስመር ያሰምራል፤ ይህ መስመር ከማንኛውም ኮምፓስ የበለጠ የታመነ ነው። ከዚያ በኋላ ሰሜን የት እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የጓደኛውም ማዕዘን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ይቈጠራል።

አራተኛ፥ እያንዳንዱ ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሚፈጅ፥ አንድ ሺህና ከዚያ በላይ ሥዕል ይነሣል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በአየሩ መናወጥ የተበላሹ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ጸጥ ባለ ቅጽበት የተነሡትን፥ ምናልባት ከአሥር አንዱን፥ መርጦ ይደራርባቸዋል። ቀድሞ የበርንሃም ዐይን በትዕግሥት ይጠብቀው የነበረው ያ ቅጽበት አሁን እንዲህ ተለቅሞ ይሰበሰባል።

በመጨረሻም ርቀቱና ማዕዘኑ ተለክቶ፥ በሌሎች ሌሊቶች ተደግሞ፥ ከቀኑ ጋር ይመዘገባል። ቀኑ ያልተጻፈበት ሥዕል ውብ ቢሆንም ለእውቀት ብዙ አይረባም። የአማተሮች ልኬቶች ከ2005 ጀምሮ ለዚሁ በተቋቋመ መጽሔት ይታተማሉ፤ በዚያም በኩል ወደ ዋሽንግተኑ መዝገብ ይገባሉ። በመጽሔቱ ላይ ከመምህራኖቻቸው ጋር የጻፉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይገኛሉ።

አንዳንድ ሰው፥ መንኰራኵሮች ወደ ጠፈር በሚላኩበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ምን ይረባል? ይል ይሆናል። በእርግጥ በ2013 ተልኮ በ2025 ሥራውን ያቆመው የጋያ መንኰራኵር ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሆኑ ከዋክብትን ቦታ ለክቷል። ነገር ግን የሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጥንዶች ደግሞ አንድ ዙር ለመፈጸም በመቶ የሚቈጠሩ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ደግሞም እጅግ ደማቅ የሆኑትን ከዋክብት መለካት ለእንደዚህ ያለው መሣሪያ አስቸጋሪ ነው። የሰማይ ወርቅና ሰንፔር የሚመስለው አልቢሬዮ እንኳ እውነተኛ ጥንድ ይሁን ወይስ የአጋጣሚ ጎረቤት፥ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ፖሪማ የተባለውን ጥንድ እንመልከት። ብራድሌይና ፓውንድ በ1718 ጥንድነቱን መዝግበው ነበር። በ1836 ሁለቱ እጅግ ተቀራርበው እንደ አንድ ኮከብ ታዩ፤ ከዚያም ተራራቁ። 169 ዓመት ቆይቶ በ2005 እንደ ገና ተቀራረቡ። አማተሮች ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እያነሡት በ2020 ወደ 3 ሰከንድ ያህል መለያየቱን አሳይተዋል። ዳግመኛ የሚቀራረቡት በ2174 ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ የሚለኩት ሰዎች ገና አልተወለዱም፤ እንደ ኸርሸል ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያስተያዩት ግን እኛ ዘመን የተጻፈውን ነው።

ከአገራችን ሰማይ በታች

አገራችን ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ጆርጅ ቦንድ ሚዛርን ካነሣበት ከሃርቫርድ አልፋ ሴንታውሪ ከቶ አይታይም፤ ዘወትር ከአድማስ በታች ነው። አልፋ ሴንታውሪ በደንብ ከሚታይባቸው ከደቡብ አገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ሚዛርን በደኅና አያዩም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፥ በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ደመና ከሌለ ሚዛር በሰሜን 44 ዲግሪ ያህል፥ አልፋ ሴንታውሪ በደቡብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው በአንድ ሌሊት ይታያሉ። ካስቴሊ በኢጣልያ ያየውንና አባ ሪሾ በህንድ ያዩትን አንድ ሰው ከአንድ ግቢ ሳይነቃነቅ ሊያነሣቸው ይችላል። በእንጦጦ ተራራ ላይም እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ለጀማሪ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ መሣሪያ ይበቃዋል፤ ሚዛርን ለመለየት 6 ሳንቲሜትር የሆነ ሌንስ በቂ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ኸርሸል የፈለገውን ሳያገኝ ያልፈለገውን ቢያገኝ፥ የተጻፈ ነገር ስለነበረው ነው። ቦንድ ሥዕሉን ባይለካው ኖሮ ሥዕሉ መደነቂያ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። በርንሃም ሁሉ ነገር ተገኝቶ አልቋል የሚለውን ወሬ ቢያምን ኖሮ ቴሌስኮፑን ባልገዛ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የነበረው የተወለትን ተቀብሎ፥ የራሱን ጨምሮ፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው አስተላለፈ።

ትምህርት ቤታችንም የዚህን ዓይነት ሥራ የሚሠራ ቤት ነው። በዚህ በዓል የምናስባቸው ቀደምት ተማሪዎችና መምህራን የተዉልንን ተቀብለናል፤ እኛም ለሚመጡት የምንተውላቸው ሊኖረን ይገባል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ የሰማይን ነገር ለመመርመር ባለ ትልቅ ማዕረግ እስክንሆን አንጠብቅ። ጥርት ባለ ሌሊት እንመልከት፤ ያየነውን በትክክል እንለካ፤ ቀኑንም ጽፈን እናስቀምጥ።